ጉም ያልፈታው የዙቤዳ ጥቅልል

ለክቡር ፊታውራሪ ሣህሌ ገብረ መድህን
የአዲሱ የሕዝብ አዳራሽ ምረቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

አሰላ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በደረቅ ካፖርትና ከጉንፋን በራቀ ደረት እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ እኔም ከቅናት በስተቀር ምንም ሕመም እንደሌለብኝ በትሕትና አስታውቃለሁ።

ታፔላዬ ከደጃፍዎ ትይዩ ስለሆነ ዘወትር እንደሚያዩት፣ በዚህ ከተማ በሴቶች ፀጉር ሥራ ዲፕሎማ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ዲፕሎማው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በመስታወት ተከፍፎ የተሰቀለ ነው። ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ በሚገባ ካጤኑ በኋላ፣ በምረቃው ዕለት ለእንግዶች አበባ ያበረከቱትን የአሥራ አንድ ልጃገረዶች ፀጉር የመሥራቱን ክብር፣ ዲፕሎማ ቀርቶ የረባ መስታወት እንኳ ለሌላት ለወይዘሮ ዙቤዳ ከዲሮ ስለሰጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩ኛ፦ ዙቤዳ የመጣችው ከአቦምሳ፣ ከሙቀቱ አገር ነው። እኔ ግን የጭላሎ ጉም ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ተኩሼ ዞማ ያደረግሁት፣ ጠቅልዬም ያስዋብሁት ፀጉር ሁሉ ከሱቄ አምሮ ወጥቶ፣ ቅዳሴ ሳያልቅ ጎፈሬ ሆኖ ሲመለስ ስድስት ዓመት ሙሉ በጸጋ ተቀብያለሁ። ደንበኞቼም «እትዬ ተሻለች፣ የእግዜር ጉም ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። ዙቤዳ ከመጣች ወዲህ ግን በእግዜር ማሳበብ ቀረ።

፪ኛ፦ የተማርኩበት መጽሐፍ፣ ፀጉር ከመጠቅለሉ በፊት በውሃ ይርሳል፣ ከዚያ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር ይደርቃል ይላል። መጽሐፉን የጻፉት ፈረንጆች ናቸው፤ የጻፉትም ስለ ራሳቸው ፀጉር ነው። የእኛን የተተኮሰ ፀጉር ውሃ ከነካው ወደ ተፈጥሮው እንደሚመለስ ለመረዳት እኔ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ዙቤዳ ማንበብ ስለማትችል ወዲያው ገባት።

፫ኛ፦ በምረቃው ዕለት ጉሙ ወርዶ ካፊያ ጀመረ። ልጃገረዶቹ ከሸራው ሥር ቢሰለፉም ጉሙ መሐላቸው ገብቶ ነበር። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ የንግግርዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ታዳሚ መካከል ንግግሩ እንዲረዝም የጸለይኩት እኔ ብቻ እንደነበርኩ እርግጠኛ ነኝ፤ ጸሎቴም ከጠየቅሁት በላይ ተሰምቶልኛል። ዘጠነኛው ገጽ ሲገለጥ እኔ የምጠብቀው አሥራ አንድ ጎፈሬ ነበር። አንዲት ዘለላ እንኳ አልተፈታችም።

፬ኛ፦ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። በማግስቱ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ምስጢሯን ልሰርቅ ሄድኩ። ገና ከደጇ ስደርስ «ኮቱ፣ እትዬ ተሻለች፣ ይግቡ እንጂ! በብርድ ምን ያቆምዎታል? ፊትዎን ሸፈኑ እንጂ ጫማዎን መች ሸፈኑ!» ብላ አስገብታ አስቀመጠችኝ። ከዚያም አንዳች ሳትሸሽግ አሳየችኝ። ፀጉሩ አጠገብ ውሃ ዝር አይልም፤ እንፋሎቱ እንዳይነካው የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ በዚያ ክፍል አይፈላም። በጋለ የብረት ማበጠሪያ የተተኮሰው ፀጉር ጥቂት የጉሎ ዘይት ነክቶት፣ ሙቀቱ ሳይለቀው በደረቅ የጨርቅ ቁራጭ ከጫፍ ወደ ሥር ይጠቀለላል፤ ፈጽሞ እስኪበርድም አይፈታም። «እርስዎ ይቸኩላሉ፣ እትዬ፤ ትኩሱን ይፈቱታል» ብላ ከነስህተቴ አስተማረችኝ። ዋጋ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ በየትኛው አንቀጽ ያስከስሳል? ብትደብቀኝ ኖሮ እኮ በሰላም እጠላት ነበር!

ስለዚህ በመጪው በዓል የልጃገረዶቹ ፀጉር ለሁለታችን እንዲከፈል እለምናለሁ፤ አምስቱ ለእሷ፣ ስድስቱ ለእኔ። ትርፏ ልጅ ለዲፕሎማው ክብር ናት። ይህ ካልሆነ ሱቄን ዘግቼ የዙቤዳ ማበጠሪያ አጋይ ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ አይታየኝም፤ እሷ ደግሞ፣ ጠባይዋን ስለማውቀው፣ እሺ ትለኛለች።

ባለቤትዎ በደጄ አልፈው ወደ ዙቤዳ ቤት በሄዱ ቁጥር ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ትሑት ጎረቤትዎ
ወይዘሮ ተሻለች ወልደ ሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያ መድረክ ላይ ካፊያውን ያልቻለው አንድ ራስ ብቻ ነበር። ከጆሮ ግንድዎ ወርዶ ነጩን ኮሌታዎን ያጠቆረውን ነገር ሕዝቡ የብዕር ቀለም መስሎት አልፎታል፤ እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ከማንሣቴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም አለኝ፤ ሱቄም የጓሮ በር አለው።