በማይቀዘቅዘው ጡብ ላይ ስለተገኘው በረዶ

ለተከበሩ ሚስተር ቻውንሲ ቫን አልስት፣
የአረንጓዴው በር ክበብ ፕሬዚዳንት፣
ባሉበት።

ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣

ለእርስዎም ሆነ ለክበብዎ አባላት በሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ደግሞ ለእጃችሁ አንጓ። ሰሞኑን በእናንተ ደጃፍ የእጅ አንጓ ጤና አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ምኞቴን እዚያ ላይ ማጥበቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ደብዳቤዬን በተማሪዎች ጋዜጣ ማውጣቴም በአካል መጥቼ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው። ባለፈው እሁድ በአካል ስንገናኝ "አንተ ደግሞ ማነህ?" ብለውኝ ነበርና እነሆ መልሱን ይዤ ቀርቤያለሁ። ኦስካር ሊንድ እባላለሁ፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚያው እሁድ ለአዲስ አባላት ምሳ በሁለት ደህና እጆች ቤታችሁ ገብቶ ባንዱ ብቻ ከወጣው ከኤመት ካሎወይ ጋር አንድ መኝታ ክፍል እንኖራለን።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ከረባቱ አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ስነሳ የበራችን እጀታ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው የሐር ከረባት ታስሮ አገኘሁ፤ ስሜም ተጽፎበታል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ የዚህን ትርጉም የማያውቅ የለም። የተመረጠው ሰው ከረባቱን አስሮ ቁርስ ቤት ይገባል፣ የመቶ ሰው አንገት ይዞራል፣ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል። መከሩን በሙሉ በየጠዋቱ የበር እጀታቸውን እየዳበሱ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ምን አስዋሸኝ። በጥቅምት በሻይ ግብዣችሁ ላይ እርስዎ ራስዎ "ለመሆኑ ቤተሰቦችህ የበጋውን ዕረፍት የት ነው የሚያሳልፉት?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ሞኙ "አጎቴ ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ በፈረቃ" ብዬ መለስኩ። "አይ፣ ደስ ይላል" አሉና ከትከሻዬ በላይ ሌላ ሰው መፈለግ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ላሟ ፊቴ ብትታለብ እንኳ ወተቱን ሳላሸት አልጠጣም። በጥቅምት ያልበቃሁት ሰው በየካቲት እንዴት በቃሁ እያልኩ ራሴን መረመርኩ፤ ኮቱም ያው ነው፣ አጎቴም ያው ነው፣ ማደያውም አልተሸጠም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሁድ በምሳ ሰዓት የተቀመጥኩበት ቦታ። የእናንተ አባል የሚሆን ሁሉ ደግሞ ቀኝ እጁን አንስቶ "ከጣሪያው ሥር የሆነውን ከበሩ ውጭ አላወራም" ብሎ ይምላል። እሁድ እጁ ተሰበረ፣ ሰኞ ከረባቱ መጣ፣ ሐሙስ ዲን ብራንት ጉዳዩን ትሰማለች። አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ ነበር፤ ራሴ እምቢ አለኝ።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ፦ ስለ በረዶው። ለዲኗ በጻፉትና ግልባጩ ለኤመት በደረሰው ማብራሪያ ላይ፣ ኤመት ምሳውን በልቶ፣ ተደስቶ፣ አመስግኖ ከወጣ በኋላ በደጃፋችሁ መተላለፊያ ላይ በረዶ አንሸራቶት መውደቁን ገልጸዋል። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ "ያልታደለው ወጣት" የሚለው ቦታማ ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት የዘነጉት ነገር አለ። ከአረንጓዴው በር እስከ ጎዳናው ያለው የጡብ መተላለፊያ ከሥሩ የሙቅ ውሃ ቧንቧ የተቀበረበት ነው። ይህንንም የቀድሞው ፕሬዚዳንታችሁ ሚስተር ሆልስዎርዝ በገዛ ወጪያቸው እንዳሠሩት ግድግዳችሁ ላይ ያለው የነሐስ ሰሌዳ ይመሰክራል። እናንተም ለመጣው እንግዳ ሁሉ "በዚህ ጎዳና በረዶ የማያርፍበት ደጃፍ የኛ ብቻ ነው" እያላችሁ ስታስጎበኙ ኖራችኋል። የሰፈሩ ድመቶች ክረምቱን የሚተኙት እዚያ ነው። እሁድም እኔ ከድመቶቹ መሃል ጡቡ ላይ ተቀምጬ፣ ሳንድዊቼን እየበላሁ ኤመትን እጠብቅ ነበር፤ ሱሪዬም ደረቅ ነበር።

2ኛ፦ ስለ ምሳው። አዲስ የገባ ልጅ ከእሳት ማንደጃው በላይ ያለው የእብነበረድ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ሙሉ ብርጭቆ ይዞ፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችን ስም ከመጀመሪያው እስከ እርስዎ ሳይሳሳት እንደሚጠራ፣ እናንተም ከታች ዳቦ እየወረወራችሁ እንደምታበረታቱት ደርሼበታለሁ። ከማን ሰማህ ብለው እንዳይቸገሩ ልንገርዎ፤ ከማንም አይደለም። ኤመት ሳምንቱን ሙሉ ክፍላችን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ስሞቹን እንደ ዳዊት ሲደግም፣ እንዳይወድቅ ጠረጴዛውን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። "ለምንድነው ግን ከፍ ብለህ የምታጠናው?" ብዬ ስጠይቀው "ዝም ብለህ ያዝ" አለኝ። ስለዚህ የክበባችሁን ፕሬዚዳንቶች ከአርባው አባላታችሁ ከግማሾቹ በተሻለ እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ለከረባቱ ያበቃኝ ይህ ይሆን እንዴ ብዬም ነበር።

3ኛ፦ ስለ አወጣጡ። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። በሩ ተከፈተና እርስዎና አንድ ባልደረባዎ ኤመትን ደግፋችሁ አወጣችሁት፤ እዚያው ሙቁ ጡብ ላይ በክብር ካስቀመጣችሁት በኋላም "ስማ ኤሚ፣ አንሸራቶህ ነው፣ እሺ? በረዶ ነው" አሉት። እሱም አመዱ ቡን ብሎ "እሺ" አለ። እኔን ያዩኝ ያን ጊዜ ነው። ሰው የተሰበረ ጓደኛውን ሐኪም ቤት ከማድረሱ በፊት ምክንያት ማድረሱ የእናንተ ቤት ወግ ከሆነ፣ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

4ኛ፦ ይህኛውን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ኤመት በማማው ላይ ያሉትን ደወሎች በቀትር የሚያዜመው ልጅ ነው። የደወሎቹ መጫወቻ እንጨቶች በቡጢ ስለሚመቱ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋሉ። ይህን ሳምንት ማማው ዝም ማለቱን የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ እንኳ አስተውሎ ጠይቆኛል፤ ቀኝ እጁ እንደ ድሮው ይመለስ አይመለስ ሐኪሙ አልነገረንም። ኤመት ግን ለሐኪሙም በረዶ ነው አለ፣ ለእናቱም በስልክ በረዶ ነው አለ፣ እኔንም፣ ድመቶቹ መሃል ተቀምጬ ሁሉን ያየሁትን ሰው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ በረዶ ነው አለኝ። ጓደኛዬን በአንድ ምሳ ውሸታም አድርጋችሁ ስለመለሳችሁልኝ በጣም ተናድጃለሁ። ሐሙስ በረዶው ከጸና ፋይሉ ይዘጋል፣ በሚቀጥለው እሁድም ሌላ ልጅ መደርደሪያው ላይ ይወጣል።

እነሆ ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው። እስከ ዛሬ ስላሳያችሁኝ ደግነት፣ ስለ ጥቅምቱ ሻይ፣ ክረምቱን በነጻ ስለተቀመጥኩበት ሙቅ ጡብና በአንድ ቀን ስላገኘሁት ወንድማማችነት ምስጋናዬ የላቀ ነው። አረንጓዴው በር እንደተከበረ፣ ጡቡ እንደሞቀ፣ የነሐስ ሰሌዳውም እንዳበራ ይኑር እያልኩ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የእርስዎ ትሑት ተጠርጣሪ፣ ወይም ተጠራጣሪ፣ እንደሚመችዎ፣
ኦስካር ሊንድ

ይድረስ ከተባለ በኋላ የተጨመረ፦ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ስላየሁ፣ ማክሰኞ ለሚስተር ሆልስዎርዝ መልእክት ላክሁ፤ ያሠሩት መተላለፊያ በረዶ ይዞ የተማሪ እጅ በመስበሩ የተሰማኝን ጥልቅ ኀዘን ገለጽኩላቸው። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ኤመት ነበር።

"ልጄ፣ የኔ ጡብ ነው ያንሸራተተህ?" አሉት።

ኤመትን ያውቁታል፣ ጨዋ ነው፤ ለሐኪም፣ ለእናቱና ለእኔ የዋሸው ልጅ የሽማግሌውን ጡብ ማማት አልሆነለትም። "አይ ጌታዬ፣ ጡቡ ደህና ነው" አላቸው። እሳቸውም "የወደቅከው ከኔ ስም በፊት ነው በኋላ?" ብለው ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ኤመት ማውራቱን አላቆመም። ሚስተር ሆልስዎርዝ ነገ ዲኗ ዘንድ ስለ ጡባቸው ሊመሰክሩ ይመጣሉና ሻይ አዘጋጁላቸው።

ከረባቱንም ጥቅም ላይ አውለነዋል፤ የኤመትን ክንድ አንገቱ ላይ አንጠልጥለንበታል፣ ሐሩ ጠንካራ ነው። ስለ መሐላው ደግሞ እንዳይጨነቁ። ኤመት እጁን አንስቶ የማለላችሁ በቀኙ ነበር፤ ቀኙ እንደሚያውቁት በጀሶ ታሽጎ ዝም ብሏል። ለዲኗ ቃሉን የጻፈው በግራው ነው። ፊደሉ ተንጋዷል፣ ግን ይነበባል።