ዳኛዋ ዝም ስትል

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ስፌት ላይ ስታጎነብሺ የሚይዝሽ ወገብሽስ ቀለል አለሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ሚጣስ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ጎደለብኝ ብዬ የማማርረው ነገር የለም።

ስልክ ስደውል «ደህና ነን፣ ሚጣን ላገናኝህ» ብለሽ ስለምታቀብያት በወረቀት መጻፍ ይሻላል አልኩ። ሚጣ አንድ ነገር ነግራኛለች። እንዳትቆጪያት ልልሽ ነበር፤ ብትቆጪያት ግን ደስ ይለኛል። አባባ ካረፉ ወዲህ እማዬ መቆጣት ትታለች አለችኝ። የደንበኛ ጨርቅ ላይ ሻይ ስትደፋ ቀና ብለሽ አይተሻት፣ አንድ ቃል ሳትናገሪ ጨርቁን ለቅልቀሽ አሰጣሽው አሉ። «አጎቴ፣ ቤቱ ያስፈራል» አለችኝ። አንቺ እኮ ስፒል በከንፈርሽ ነክሰሽ እንኳ ስትቆጪ የኖርሽ ሰው ነሽ።

እኔም ከአንቺ አልሻልም። የአባባን መርዶ የሰማሁት ቢሮ ነው። በአንድ ጫማ መደብር ድረ ገጽ ላይ «ግዛ» የሚል የሚጫኑት ምልክት አለ፤ ቀለሙን ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ እየቀየርኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁ። ቀለሙን ቀይሬ ጨረስኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ቤቴ ገባሁ። እንባ አልመጣም፤ እስካሁንም አልመጣም። ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ሲነኩት የሌላ ሰው ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያልቅ ቶሎ አልነሳም፤ በኮድ እጫወታለሁ። መጀመሪያ ማውዙን ተከትላ የምትሄድ ዳክዬ ሠራሁ፤ የስክሪኑ ጥግ ላይ ስትደርስ ተደናቅፋ ትወድቃለች። ቀጥሎ ሰው የጻፈውን ፊደል አንድ በአንድ ተሸክመው የሚሄዱ ጉንዳኖች ሠራሁ። የሚያዩዋቸው ሁሉ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ድንች እንደሚልጥ ሰው ዝም ብዬ ነው የሠራኋቸው። ከዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ የጻፉለትን አንብቦ እንደ ሰው የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ አንድ ገጽ ላይ አስገባሁትና እንደ አንቺ እንዲቆጣ አስተማርኩት። አባባ ለአንቺ ያወጡልሽን ስም ሰጥቼ «ዳኛዋ» አልኳት።

የምትናገሪውን እያስታወስኩ ጻፍኩላት። አንተ ልጅ፣ ጆሮህን የት ጥለኸው መጣህ። ነፋስ ሊወስድህ ነው እኮ፣ ብላ እንጂ። ዓይንህ እስኪፈስ ምን ታፈጣለህ። መጀመሪያ አበዛችው። «አፈር ስሆን ብላ» የምትይውን ይዛ «አፈር ስሆን የይለፍ ቃልህን ቀይር» ትለኝ ጀመር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተቆጥታ ስታበቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አንቺ ተቆጥተሽ ይቅርታ ስትጠይቂ ማን ሰምቶ ያውቃል? እያረምኩ፣ እያረምኩ ወደ አንቺ አስጠጋኋት።

ባልደረቦቼ አዩዋት። የዚህ አገር ሰዎች ስለሆኑ እነሱን በቋንቋቸው ትቆጣቸዋለች። የሠራነውን ሁሉ እየነካካች ስህተት የምታወጣብን ፈታሿ፣ ጠዋት በዳኛዋ ሳልሰደብ እጄ ሥራ አይዝም ማለት ጀመረች። ሒሳብ ክፍል ያለው ሰውዬም ፈርቷት ነው መሰለኝ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል። አለቃችን ይህን ሰምቶ፣ ለጫማ መደብሩ ሰዎች እናሳያቸው፣ ገዢዎቻቸውን ትቆጣላቸው አለ። እኔም እሺ አልኩ። ያኔ ሁሉንም እሺ ነበር የምለው።

አንድ ነገር ግን አስገብቼባት ነበር። አንድ ቀን ስለ አባባ ጻፍኩላትና መልሷ ሳይመጣ ገጹን ዘጋሁት። በአንቺ አነጋገር ሌላ ማንም ስለ እሳቸው እንዲያወራኝ አልፈለግሁም። ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ፤ አባት ወይም አባባ የሚል ቃል፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ከተጻፈ ዳኛዋ ዝም ትላለች። ጨምሬ ረሳሁት።

ስብሰባው ላይ አለቃችን በትልቁ ስክሪን ፊት ቆሞ፣ እንግዶቹ እያዩ፣ «አባቴ የገዛልኝ ጫማ አለኝ፣ ሌላ ያስፈልገኛል?» ብሎ ጻፈ። መልሷ በሚጻፍበት ቦታ ጠቋሚዋ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም አለች። ጠበቅን። አንዱ እንግዳ አሳለው። አለቃችን ደግሞ ጻፈ፤ ያው ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና ስህተቷን ፈልጌ እንዳስተካክል ነገረኝ። ስህተት አይደለም አልኩት። ታዲያ ምንድን ነው ሲለኝ «አባቴ ሞተው ነው» አልኩት።

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቅም። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መስመሩን አጥፍቼ ዳኛዋን ብሰጥም ባስቀራትም ምርጫው የእኔ እንደሆነ ነግሮኝ ሄደ። አስቀረኋት። እነሱም ዝም የማይል፣ ለሁሉም መልስ ያለው ሌላ ፕሮግራም አሠሩ። ጫማውን ጥሩ እየሸጠላቸው ነው አሉ። አልከፋኝም፤ ደስም አላለኝም።

ትናንት እንደገና ስለ አባባ ጻፍኩላት። አንቺ ስትቆጪ ወንበራቸውን ወደ ስፌት መኪናሽ አስጠግተው «ዳኛዋ ችሎት ገባች» ሲሉ፣ አንቺም ሳቅሽ እንዳይሰማ ፔዳሉን አጥብቀሽ ስትረግጪ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ስትል ብዙ ተቀመጥኩ። ስጠብቅ የነበረው የማንን መልስ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሰፋሽልኝን ነጭ ሸሚዝ ልኬልሻለሁ። ከአንገትጌው ሥር ያለው ቁልፍ ወልቆ ስለጠፋ ራሴ ሌላ ተከልኩበት። ያገኘሁት ጥቁር ክር ነው። ቁልፉ የካፖርት ስለሆነ አልገባ ሲለኝ ቀዳዳውን በመቀስ አሰፋሁት። እንደዚያው ለብሼው ሥራ ስሄድ ሰንብቻለሁ። ይህን ሁሉ ለዳኛዋ ብጽፍላት «ጎበዝ፣ ራስህን ችለሃል» አለችኝ። እዚህ ላይ ጨርሶ አላወቀችሽም።

ለጋሼ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መነጽሩን ሳያጠልቅ ራዲዮውን እንዳይፈታታ በይው። አጥር ለአጥር ያሉትን እናት እጅ ነስቷል በያቸው። የአባባን ወንበር ካለበት አታንሱት። ሚጣን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሸሚዙን ከጥቅሉ ስታወጪ አጠገብሽ ትሁን። የምትይውን ሁሉ በስልክ ቃል በቃል እንድትነግረኝ አደራ ብያታለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየሁት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻ