ማንጎው ሥር የቀበርኸው ቧንቧ

ውድ አባየ፣

ከተለየኸን ሰባተኛ ወራችን ነው። አርባህ የወጣው በዝናቡ መሀል ነበር፤ አሁን ጥር ገብቷል። በአፌ ብዙ እንደማልናገር ታውቃለህ። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተለወጠውን በጽሑፍ እነግርሃለሁ።

የምንኖረው እዚያው ፋሲሎ ሰፈር፣ አከራያችን እትየ ስንዱ ግቢ ውስጥ ነው። ኪራይ ቤት ስለሆነ ያስወጡናል ብየ ፈርቸ ነበር፤ አላስወጡንም። እማየ አሁንም ሐይቁ ዳር ዓሣ እያጠበች ትሸጣለች። ታኅሣሥ ሲገባ ቁርጥማቷ ተነሣባት፤ ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ አሉ። አንተ የከለከልሃትን የከሰል ምድጃም መልሳ ወደ ክፍላችን አስገባች።

ያችን ጥዋት አልረሳኋትም። የከሰሉ ጭስ አፍኖን እማየም እኔም ወድቀን ነበር። አንተ በሩን ገንጥለህ በየተራ ተሸክመህ አወጣኸን። መሬቱን መቆፈር የጀመርኸው ከዚያ በኋላ ነው።

መሬት ወደ ታች ሲወርዱ ብርድም ሐሩርም አያውቅም ትል ነበር። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቧንቧ ስትቀብር ያየኸው ነው፤ በጥር ጥዋት ጉድጓድ ስትገባ ጃኬትህን ታወልቅ ነበር። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ ልትቀብር አሰብህ። አንዱ አፉ ማንጎው ሥር ይወጣል፤ ሌላው ግድግዳችንን አልፎ ክፍላችን ውስጥ ይገባል። ከተበላሸ ኮምፒውተር የነቀልሃት ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ከመሬት በታች ትስብልናለች። በግንቦት ቦዩን ስትለካ ገመዱን የያዝሁልህ እኔ ነበርሁ። ከማንጎው እስከ ግድግዳው በአንተ ሃያ ሁለት እርምጃ፤ ጥልቀቱ እስከ ደረትህ። ሥራው ላይ ብዙም አናወራም ነበር። ከአንተ ጋር ዝም ማለት አይከብደኝም።

ቧንቧውን ዘረጋኸው። ሳታገናኘው ታመምህ፤ ከዚያ አልተነሣህም።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ ቦዩን አዩት። ለቀስተኛ እንዳይወድቅበት ብለው አፈር ሞሉት፤ ረግጠውም ደለደሉት። ደግ ሥራ ነበር። የቧንቧው አፍ የት እንዳለ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርሁ። አፈር ይገባበታል ብየ መናገር ነበረብኝ። ጥግ ላይ ቆሜ አካፋውን አየሁ እንጂ አልተናገርሁም። ይህን ለእማየ አልነገርኋትም፤ መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነው።

ከአርባህ በኋላ እማየ ቧንቧውን ቆፍረን እንጨርሰው ብላ ለእትየ ስንዱ አንሥታላቸው ነበር። እሳቸው ግን ለቅሶ የተቀመጡበትን መሬት መልሶ መቆፈር ሌላ ሞት ይጠራል፣ ደግሞም የኪራይ ቤት ግድግዳ አይበሳም ብለው መለሷት። እማየ ተወችው። ምድጃው ከተመለሰ ወዲህ ግን እማየ ከእንቅልፏ ስታረፍድ ቀርቤ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁና በእትየ ስንዱ በር ሥር አሾልኬ አስገባሁላቸው።

ፊደል እንደማይለዩ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘው እኔው ዘንድ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ቀበሌ ግቢየን ሊያፈርስ ነው መሰለኝ፤ ቶሎ አንብቢልኝ» አሉኝ። የራሴን ደብዳቤ በራሴ አፍ አነበብሁላቸው። ስለ ከሰሉ፣ ስለ እማየ ጣቶች፣ ስለ ሃያ ሁለቱ እርምጃ። መጨረሻው ላይ ስሜ ነበር፤ እሱ ጋ ስደርስ ዝም አልሁ።

«ጨርሺዋ፤ ማን ነው የላከው?» አሉ። ወረቀቱን አጠፍሁት። ፊቴን አዩና «ወይ ጉድ! አፍ አላት ለካ! ይህን ሁሉ ዓመት እኮ ደህና አደሩን በአንገትሽ ነው የምትነግሪኝ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ቆፍሪ አሉኝ። መጀመሪያ ግን ቄስ መጥተው ቦታውን ጸበል ይረጩታል፤ ቤቱን የለቀቅን ዕለት ደግሞ ቧንቧው ከመሬቱ ጋር ይቀራል። እማየን ሳልጠይቅ እሺ አልሁ። በአንገቴ አይደለም።

ጸበሉ ከተረጨ በኋላ ማንጎው ሥር ሁለት ቀን ቆፈርሁ። የቧንቧው አፍ ሲወጣ አንድ ነገር ተወትፎበት፣ በሽቦ ታስሮ ነበር። የሥራ ሸሚዝህ እጅጌ ነው። በግድግዳው በኩል ያለውን አፍ ስከፍት ሌላኛው እጅጌ እዚያ ነበር። እማየ ልብስህን ለነዳያን ስትሰጥ ያን ሰማያዊ ሸሚዝ አጥታው ብዙ ፈልጋዋለች። ቧንቧው ውስጥ ቁንጣሪ አፈር አልገባም። አባየ፣ እኔ ያልተናገርሁትን አንተ ቀድመህ ዘግተኸው ኖሯል።

ግድግዳውን በመሮህ በሳሁት፤ ቀዳዳው ትንሽ ጠማማ ሆኗል። ቧንቧውን አስገብቸ ማራገቢያህን ገጠምሁበት። የሚመጣው አየር ትኩስ አይባልም፤ ብርዱን ይሰብረዋል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል። እማየ ጣቶቿን ቀዳዳው ፊት ዘርግታ ቆየችና ምድጃውን ራሷ አንሥታ ወደ ደጅ አወጣችው። እስካሁን ደጅ ነው። እትየ ስንዱ ጥዋት ጥዋት እማየን ልጠይቅ እያሉ ይመጣሉ፤ የሚቀመጡት ግን ሁልጊዜ ቀዳዳው አጠገብ ነው።

ቤቱ የእኛ አይደለም፤ አንድ ቀን እንለቃለን። ቧንቧህ እዚህ ይቀራል። እጅጌዎቹን አጥቤ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እነሱን ይዠ እሄዳለሁ። ልኩንም አልረሳውም። በሄድንበት ቤት ሁሉ አከራዩን የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ያለ ወረቀት።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጨ ጮክ ብየ አነበብሁልህ። ስሜንም ጭምር።

ልጅህ አስካል