ሁለት ሳምንት የሚበቃው ቤንዚን

ውድ እህቴ ብሮንዊን፣ አንቺም ልጆችሽም እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ሎሚም አፍርቷል። ያኔ ቤቱን ስንገዛ "ከሜልበርን ይርቃል፣ ይቅርባችሁ" ስትይን፣ ግቢ ካልኖረኝ ብዬ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ኬልቪን ለሥራ ሜልበርን ደርሶ መልስ በቀን አራት ሰዓት ይነዳ ነበር። ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ መጀመሪያ የመኪናውን ማቀዝቀዣ አጠፋ። ቀጥሎ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ የሥራ ባልደረባው ዘንድ ማደር ጀመረ። አሁን የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። በሦስት ቀን ያልቅ የነበረው ቤንዚን ሁለት ሳምንት ይበቃናል፤ ቁጠባ ይሉሻል ይሄ ነው!

ባለፈው ቅዳሜ በሩን ሲከፍት ውሻችን ጮኸበት። "አንተ፣ እኔ እኮ ነኝ!" ሲለው ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ።

ልጆቹ ሰላም ብለውሻል። ኬልቪንንም ቅዳሜ ከመጣ "ሰላም በላት" እለዋለሁ።

እህትሽ ግሌኒስ