ለአንዷለም የመረጥኩት ቀበቶ

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ 2009

ልብስ አጠብኩ። አልጀብራ ሠራሁ። አባዬ የወንድሜን ጓደኛ አንዷለምን ይዞ አርሊንግተን፣ ተኩስ መለማመጃው ሄደ። ሦስተኛ ቅዳሜያቸው ነው። ወንድሜ ኤልያብ ኦክቶበር ላይ በመኪና አደጋ እስኪሞት ድረስ የቅዳሜው ቦታ የእሱ ነበር። ቀጥሎ የእኔ መስሎኝ...

«እኔስ?» አልኩት።

«አንተ ፈተና አለብህ።»

የምን ፈተና?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

እማዬ የኤልያብን ልብስ ለአንዷለም ሰጠችው። ጓደኛው ነበር፣ በዲቪ አሜሪካ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፣ ክረምቱም ከባድ ነው። የሟች ልብስ ለሚያስፈልገው ይሰጣል። አውቃለሁ። ግን ሰማያዊውን ጃኬት? ቸርች ውስጥ ለብሶት ከፊቴ ተቀመጠ። ከኋላው ሳየው ኤልያብ መሰለኝ... ዞረ። አንዷለም ነው። ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

አንዷለም የሚሠራበት፣ ሜስኪት ከተማ ያለው ጋዝ ስቴሽን ባለፈው ወር ተዘርፏል። ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ አውጥቷል። አሁን ደግሞ አባዬ የሽጉጥ ቀበቶ ሊገዛለት ነው። «አንድ ብቻ። አንተ ኢንተርኔት ላይ ምረጥለት» አለኝ።

ሁለት ዓይነት አለ። የሬንጁ፣ ማለት የተኩስ መለማመጃው፣ ሰፊ ነው፣ ድርብ። የውስጡ ሱሪው ላይ ይታሰራል፣ የውጪው በላዩ ይጣበቃል። ሽጉጡንም ጥይቱንም ይሸከማል፣ ግን ሸሚዝ ስር አይደበቅም። የዘወትሩ ቆዳ ነው፤ ወፍራም፣ ድርቅ ያለ፣ ሽጉጥ ቢንጠለጠልበት የማይወርድ። ላየው ሰው ተራ ቀበቶ ነው።

«ሰፊው! ጄኔራል ነው የሚያስመስለኝ» አለ አንዷለም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ጉግሳ ጋር...» ወደ አባዬ ዞረ።

«ያንን ታጥቀህ ካሽ ሬጂስተር ጋ ልትቆም? ሽጉጥህ ይታያል። ፈቃድህ ደብቀህ እንድትይዝ ነው» አልኩት።

«አየኸው ልጄን?» አለ አባዬ። «ልክ ነው። የዘወትሩን እዘዝ።»

ልክ ነበርኩ። ግን ለእሱ አስቤ አይደለም። የሬንጅ ቀበቶ ከሌለው ቅዳሜው ይቀርበታል ብዬ ነው። ክፉ ነኝ?

ወገቡን ለካሁት። ሠላሳ አራት።

«እንደ ኤልያብ» አለ አባዬ። ተነስቶ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዛሬም ሄዱ። ያለ ቀበቶ።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

ቀበቶው መጣ። አንዷለም ታጥቆ ሳሎን ውስጥ ተንጎራደደ። እማዬ ሳቀች፤ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ልሸኘው ወጣሁ።

«ሰፊውን ለምን እንዳስቀረሁብህ ልንገርህ?» አልኩት። ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

«አንተ ጅል! ማን ተኮሰ? አራቱንም ቅዳሜ አንድ ጥይት አልተኮስንም። አባትህ ፓርክ ያደርጋል፣ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል። መኪናው ውስጥ ያለቅሳል። እኔ ሬዲዮ እነካካለሁ።»

«ለምን ከአንተ ጋር?»

«‹ልጄ እንዳያየኝ› ይላል። ሰፊውን የፈለግኩት፣ ታጥቄ ብመጣ አባትህ አንድ ቀን እንኳ ይገባል ብዬ ነው።»

ተሰናብቼው ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 21

አባዬ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ የፊት ወንበር ላይ።

«ፈተናህስ?»

«የለኝም።»

አንዷለምን ሳንወስድ ሄድን። አርሊንግተን ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ። አልወረደም።

«ማን ነገረህ?»

«አንዷለም።»

«አፉ አያርፍም» አለ። ከዚያ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። አባቴ። በድምፅ። ወደ መስኮቱ አልዞርኩም።

ስለ ኤልያብ አንድ ሰዓት ያህል አወራኝ። መጀመሪያ ሲነዳ አጥሩን እንደገጨ... የማላውቀውን ሁሉ። እየሰማሁ ምን ሆንኩ? ቀናሁ። በአንዷለም አይደለም። በሞተ ወንድሜ! ነውር ነው። ግን አፌ ቀደመኝ።

«አባዬ፣ የሞትኩት እኔ ብሆን ኖሮስ... እንዲህ ታለቅስልኝ ነበር?»

«በኢየሱስ ስም! ዝም በል!»

ጮኸ። ማጅራቴን ጨምድዶ ወደ ደረቱ ሳበኝ። የማርሽ ዘንጉ ጎኔን ወጋኝ። ሰው በአጠገባችን እየወጣ እየገባ፣ ብዙ ደቂቃ አለቀቀኝም።

አሁንም ማጅራቴን ያመኛል። እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ።