የዶቃው ጨዋታና የማክሰኞው ሻደይ

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እየሩስ፣

እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ያንን የጨዋታችንን የድንጋይ ደረጃ አልፌዋለሁ። አንቺ ሳትኖሪ እንዳልነካው ተባብለን እንደነበር አልረሳሁም። ብቻዬንም አይደለም ያለፍኩት። ብትቀየሚኝም እሺ፣ ግን መጀመሪያ እስከ ታች አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ብደውል ግን እንደለመድኩት ዝም እላለሁ፣ አንቺም «ወለቴ፣ አለሽ?» እያልሽ ትደክሚያለሽ።

ጨዋታው እናቴ ስልክ ላይ አሁንም አለ። ወንድምሽ ምንዋጋው ከኮምቦልቻ ይዞት የመጣ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ኔትወርክ የሚባል ነገር ባልነበረበት ክረምት በብሉቱዝ ላከልንና፣ «ይሄ ድሮ ኮምፒውተር ላይ የነበረ ነው፣ ስልክ ውስጥ የገባው ኋላ ነው» እያለ እንደ አስተማሪ አብራራልን። ስሙ እንግሊዝኛ ስለሆነብን «ዶቃ» አልነው። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ዶቃዎች ስታቀያይሪ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ከገጠሙ ይፈነዱና የላዮቹ ይወርዳሉ። አራት ከገጠሙ መስመሩን ይጠርጋሉ። አምስት ከሆኑ ቀለሙ ሁሉ ያለበት ዶቃ ይወጣል፤ እሱን «የማርያም መቀነት» ያልሽው አንቺ ነሽ። ቀዩን ድልህ፣ አረንጓዴውን ሻደይ እንለው ነበር። አሁን ተማሪዎቹ የሚጫወቱት አዲሱ ዘፈን አለው፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። የኛው ግን ያው ነው።

አንቺ ባሕር ዳር ከሄድሽ ወዲህ ብቻዬን ስጫወት ከረምኩ። ዘንድሮ ለሻደይ እንደማልወጣም ለእናቴ ነግሬያት ነበር። አንቺ ግጥሙን ስታወጪ እኔ ከኋላሽ ሆኜ እቀበል ነበር፤ አሁን ከማን ኋላ ልቁም? እናቴ ግን «እግርሽንም እየሩስ ይዛው ሄደች?» አለችኝ።

ሰኞ ዕለት የጨዋታው ልቦች አለቁብኝ፤ ያለ ልብ ደግሞ እስከ ማግስቱ አያጫውትም። አንቺ እንዳሳየሽኝ የስልኩን ቀን አንድ ቀን ወደፊት ገፋሁትና ልቦቹ ሞሉልኝ፤ መልሼ ማስተካከሉን ግን ረሳሁት። በማግስቱ ጠዋት ይመኙሻል በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። አታውቂያትም፤ ከዝቋላ መጥታ ጎረቤታችን ካለችው አክስቷ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስልኩን አየሁና «ረቡዕ» አልኳት። የሰፈሩ ልጆች ለበዓሉ ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ሻደይ ለማጨድ የተቀጣጠሩት ረቡዕ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕን ከምሳው እንለየው ነበር፤ በፍልሰታ ግን ቀኑ ሁሉ ጾም ነው፣ በምን ይታወቃል?

ከሰዓት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቦኖ ውሃ ልንቀዳ ተሰልፈን ሳለ ይመኙሻል ትልቅ እስር ሻደይ ተሸክማ መጣች። ወንዙ ዳር ብትጠብቅ ብትጠብቅ ማንንም ስታጣ ብቻዋን አጭዳ ነው።

«ዝቋላ ሻደይ የሚታጨደው ማክሰኞ ነው እንዴ?» አለች ታይቱ።

«ተያት፣ ለፍየሎቿ ይሆናል» አለች ማርታ። ሁሉም ሳቁ።

ይመኙሻል ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋትና አገውኛው ይቀድማታል። የሆነ ነገር ጀምራ ተወችው። ከዚያ ሸክሙን አወረደችና «እኔ አልወጣም። እናንተው ውሰዱት» አለች።

«ረቡዕ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከጄሪካኑ ውስጥ የወጣ ነበር የሚመስለው።

ታይቱ ዞር አለች። «ወለቴ ትናገራለች እንዴ?»

«እናገራለሁ። ለጨዋታ ብዬ ስልኩን ገፍቼው ነው። መሳቅ ካማራችሁ በኔ ሳቁ።»

በኔም ሳቁ። ፊቴ ጋለ እንጂ እንደፈራሁት አልሆነም።

እስሩን ለሁለት ተሸክመን ወደኛ ቤት ወሰድነው። ሥሩን ሳፋ ውስጥ ነከርነው፣ ላዩን በእርጥብ ማዳበሪያ ሸፈንነው። «ቀን የሚያስገፋሽ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለችኝና አሳየኋት። አንቺና እኔ ያንን ድንጋይ ውስጥ የተቆለፈ ዶቃ ከላይ ስንደበድብ ልባችንን እንጨርስ አልነበር? እሷ ትንሽ አየችውና፣ «እኛ ጋ እርከን ላይ የተቀረቀረን ድንጋይ ማንም አይጎትተውም። ሥሩን ካራገፍሽለት ራሱ ይመጣል» አለች። ከታች ጀመርን። የላዮቹ እየወረዱ፣ እየወረዱ አጠገቡ መጥተው ገጠሙ፤ ድንጋዩም ተሰነጠቀ። በደስታ ስንጮህ እናቴ ሮጣ መጥታ «ምን አገኛችሁ?» አለችን። ምን ብለን እንንገራት?

ነገ ለሚጀምረው ሻደይ ግን ይመኙሻል እምቢ እንዳለች ናት። ዛሬም ጠየቅኳት።

«ግጥሙን አላውቀውም፤ ደግመው ይስቁብኛል» አለችኝ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«አንቺም እኮ አልወጣም ብለሻል።»

 ቤት ገብቼ የስልኩን ቀን ወደ ቦታው መለስኩት፣ ከዚያ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ነገ ጠዋት በአጥሩ በኩል አልጠራትም፤ ዞሬ በበሩ ገብቼ እጇን ይዤ አወጣታለሁ። ታይቱ ከበሮውን ስትመታ የመጀመሪያውን ግጥም እኔ አወጣለሁ፤ ይመኙሻል ከኋላዬ ትቆማለች፣ እኔ አንቺ ኋላ እቆም እንደነበረው። ቀጣዩን ደረጃ አልነካነውም፤ ስትመጪ ሦስት ሆነን እንሞክረዋለን።

ሌሎቹ ልጆች ሻደያቸውን ያጨዱት ትናንት ነው፣ ገና ለምለም ነው። የይመኙሻል እስር ለሁለት ይበቃል፤ ጫፉ ብቻ ትንሽ ጠውልጓል። ነገ ወገቤ ላይ የማስረው እሱን ነው።

ዝምታዬን የምታውቂው ጓደኛሽ፣
ወለተ ሰንበት