ደረቅም ይጻፋል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለያታኒ፣

እንደምን አለህ? ጤናህስ? ያ በዝናብ ሰሞን የሚነሳብህ ሳል ተወህ? አንተ ያለህበት ይሞቃል ወይስ ይነፍሳል? እኛ ደህና ነን ብልህ አታምነኝም፤ ብቻ እንበላለን፣ እንተኛለን። ከቀበርንህ ዛሬ ስምንተኛ ቀናችን ነው።

ለቀስተኛው ትናንት ተበተነ። ድንኳኑ ሲፈርስ ግቢው ሰፋብን። እማዬ ዛሬም ሻይ የቀዳችው ለአምስት ሰው ነው። ትንሿ እህታችን ሻምሳ ያንተን ብርጭቆ አንስታ ጠጣችው።

ሻይ ካነሳሁ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። የዚያን ቀን ኮረብታው ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ብድግ አልክ። «ሻይህን ጨርስ፣ ጊዜ አለ» ያልኩህ እኔ ነኝ። ያልኩት በአባባ ሂሳብ ነው፤ ጠዋት ኮረብታው ላይ ከዘነበ ጎርፉ እኛ ጋ የሚደርሰው ፍየሎቹ ማታ ሲገቡ ነው በሚለው። ያንተ ደብተር ግን ጎርፉ አሁን ከዚያ በጣም ፈጥኖ እንደሚደርስ ይል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ላጋው ዳር፣ ያ ደረቅ የአሸዋ ወንዛችን ዳር፣ ከተከልከው ዘንግ ላይ የውሃውን ከፍታ ስታነብና ስትጽፍ፣ እኔም አብሬህ ስወርድ አይቼዋለሁ።

ላይ ያለው ግራር ለከሰል ተቆርጦ አልቋል፤ ውሃውን የሚያዘገየው የለም። ዝናቡም ጠፍቶ ጠፍቶ የወሩን በአንድ ቀን ያወርደዋል። ታች ደግሞ አሸዋውን መኪና ጭኖ ጨረሰው። ድሮ ጎርፉ ካለፈ በኋላ አሸዋው ሥር ሁለት ወር ይቆይ የነበረው ውሃ፣ አሁን በሳምንቱ ብንቆፍር የለም፤ እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አፌ ግን የአባባን ተናገረ።

ግማሽ ብርጭቆ ጠጣህ። ከዚያ ወርደህ አሸዋ ጫኞቹን እንዲወጡ ስትጠራ ከእነሱ አንዱ ጎሎ «ፕሮፌሰር ደግሞ መጣ!» ብሎ ሳቀብህ አሉ። ጎርፉ ሲደርስ ጎትተህ ያወጣኸው እሱኑ ነው፤ አንተን የሚጎትት አልደረሰም። ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን ስጠይቅ ነው የምውለው።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ጎርፉ ሂሳብ ሲነሳ ግን ተነስቶ ወደ ፍየሎቹ ይሄዳል። እማዬ ሹራብህን እንዳላጠበችው ንገርልኝ ብላለች። ሻምሳ ትስምሃለች፤ ጫኞቹን የምትጠራበትን ፊሽካህን ከትራሷ ሥር አውጥታ ዛሬ ለእኔ ሰጠችኝ።

ከትምህርት ቤት በፊት ብቻዬን ወረድኩ። ሻይ አልጠጣሁም። ዘንግህ ጎብጧል እንጂ አልወደቀም። ላጋው ደርቋል፣ ኮረብታው ግን ጠቁሮ ነበር፤ ጫኞቹም አሸዋው ውስጥ ነበሩ። ፊሽካውን ነፋሁ። አንዱ «ኪጃና፣ አንተ ልጅ፣ ገና ነው! ሂድ ትምህርትህን ተማር!» ብሎ ጮኸብኝ። ጎሎ አካፋውን ጥሎ ከሁሉም በፊት ወጣ፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ደመናው ወደ ዋልዳ በኩል ሄደ፤ ጠብታ እንኳ አልመጣም። አሁን ይስቁብኛል ብዬ ጎሎን አየሁት። «ጻፈው እንጂ» አለኝ።

ደረቅም ይጻፋል ትለኝ ነበር። ደብተርህ ላይ ካንተ የመጨረሻ መስመር በታች ቀኑን ጻፍኩ፤ «ደረቅ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡም አንተ ጽፈህ የማታውቀውን ጨመርኩ፤ «ላጋው ውስጥ ሰው የለም።»

ወንድምህ ዱባለ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ሜይ 7 ቀን 2025